አሥራ ሁለት ጠርሙስ ኮንታክት

ጥፋቱ የመጣው በአንዲት ቃል ነው። የሃና ከተማ የውኃ ፓምፕ ሲቆም ቴክኒሻኑ ጸጋአብ የማብሪያውን ሣጥን ከፍቶ አየ። የሚነካኩት የመዳብ ጫፎች ጠቁረው ጉንዳን ሰፍሮባቸዋል። እነሱን የሚያጸዳ፣ በቆርቆሮ የሚመጣ፣ የሚረጭ ፈሳሽ አለ። ወደ ጂንካ በላከው ደብዳቤ ላይ «ለአስቸኳይ ሥራ የሚውል ኮንታክት ክሊነር፣ ብዛት 12» ብሎ ጻፈ። ኮሌጅ የተማረው በዚህ ስም ነው፤ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብሎ አላሰበም።

ጂንካ ያለችው የግዥ ሠራተኛ ከበቡሽ ደብዳቤውን ይዛ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር አንድ ባለ መድኃኒት ቤት «ኮንታክት ማለት ዓይን ውስጥ የሚገባው መነጽር ነው፤ ማጠቢያውን አስመጣልሻለሁ» አላት። አስመጣላትም። ሰኞ ዕለት ካርቶኑን ራሷ በመኪና ይዛ ሃና ስትደርስ ሕዝቡ ባዶ ጀሪካኑን ደርድሮ ቦኖው ጋ ይጠብቅ ነበር። ጸጋአብ ካርቶኑን ከፈተ፣ አንድ ጠርሙስ አወጣ፣ ጽሑፉን አነበበና መልሶ አስቀመጠው። በሃና ከተማ ዓይኑ ውስጥ መነጽር የሚያደርግ አንድም ሰው አልነበረም።

«ኮንታክት አልክ፣ ኮንታክት አመጣሁ» አለች ከበቡሽ። «ፊርማህ አለበት።»

ፓምፑ እንደቆመ ቀረ። ሃና ግን የመጣላትን ዕቃ ዝም ብላ የምታይ ከተማ አይደለችም። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር «ለሌንስ ይላል፣ ይኼም ሌንስ ነው» ብለው አንዱን ጠርሙስ ለመነጽራቸው ወሰዱ። አንድ ፖሊስ በሌላው የስልኩን መስታወት ወለወለ፤ በተረፈው ጫማውን። ከበቡሽን ያመጣት ሾፌር ጋሽ ይሁኔ በሁለት ጠርሙስ የመኪናውን የፊት መስታወት አጥቦ «በሃያ ዓመት ሹፍርናዬ መንገዱን ገና ዛሬ አየሁት» አለ። እነ ከበቡሽ ያረፉበት ቤት ባለቤት፣ የከተማዋ ሞክሼ ሐና፣ ደግሞ ፍየል ሲታረድ ደም የተረጨበት ነጭ ሸሚዝ ላይ አንዱን ብታርከፈክፍበት ደሙ ነጭ አረፋ ደፍቆ ኩፍ አለና ለቀቀ። ጎረቤት ሁሉ ሸሚዝ ይዞ መጣ።

አረፋው ጸጋአብን ስላስገረመው ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አነበባቸው። ጠርሙሱ አንድ ዓይነት፣ የተለጠፈው ወረቀት ግን ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በጨው የተዘጋጀ፣ ለዓይን የማይጎዳ ውኃ ነው። ሁለተኛው በቀይ «በቀጥታ ዓይን ውስጥ አይግባ፤ ያቃጥላል» ይላል። የሐናው ይኼኛው ነበር።

«ያቃጥል አያቃጥል ለእኛ ምናችን ነው?» አለች ከበቡሽ። «ሰባት ቀርቷል። ባለ መድኃኒት ቤቱ ያልተከፈተ ብቻ ነው የምቀበለው ብሏል። እንግዲህ አንዱን የሚነካውን ሰው አያድርገኝ!»

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ጋሽ ይሁኔ፣ ከበቡሽና ትክክለኛውን ማጽጃ ሊያስገዛ የተነሣው ጸጋአብ ካርቶኑን ከኋላ ጭነው ወደ ጂንካ ተነሡ። ቆላው መሀል፣ አንዲት አጭር ዳገት ላይ፣ ራዲያተሩ ፈላ። ጋሽ ይሁኔ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ደግፎ ወረደ። ሞተሩ እስኪበርድ ድረስ አንድ ሰዓት ያህል ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ከዚያ የያዟትን አንዲት ጀሪካን ውኃ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ለራዲያተሩ አጠጡት። መንገዱን ሙሉ ስታንጠባጥብ ስለመጣች ከግማሽ በታች ነበረች።

«ጠጥቷል፤ በሉ ግቡ» አለ ጋሽ ይሁኔ። ድንጋዩን ሊያነሣ ጎንበስ አለ።

እባቡ የመኪናውን ጥላ ፈልጎ ጎማው ሥር ገብቶ ኖሯል። ጸጋአብ ያየው መርዙን ጋሽ ይሁኔ ፊት ላይ ከተፋ በኋላ ነው፤ አንገቱን እንደ መዳፍ ዘርግቶ ቆሞ፣ ወዲያው ወርዶ ሣሩ ውስጥ ገባ።

«ዓይኔን! ኧረ በማርያም፣ ዓይኔን!»

ጋሽ ይሁኔ መሬት ላይ ተንበርክኮ ፊቱን በሁለት እጁ ሊያሽ ሲል ጸጋአብ ሮጦ እጆቹን ያዘ።

«አይሹት ጋሼ! ካሹት ይብሳል!»

«ልቀቀኝ አንተ! በርበሬ ነው! እሳት ነው!»

«ከበቡሽ፣ ያዥልኝ!»

ከበቡሽ መሬት ተቀምጣ የጋሽ ይሁኔን ራስ ጭኗ ላይ አደረገች፤ እጆቹንም በክርኖቿ ተጫነች። «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» ትላለች። የሰውየው ዓይኖች አብጠው ሊዘጉ ነው። እንባ እንደ ምንጭ ይወርዳል።

«ጸጋአብ» አለ ጋሽ ይሁኔ፣ ሳይጮህ። ከጩኸቱ ይልቅ ይኼ ያስፈራ ነበር። «አታየኝም እንዴ? አላይም እኮ። እኔ የቢሮ ሥራ አላውቅ፣ እርሻ የለኝ። አምስት ልጅ የማሳድረው በዚህ ዓይን ነው።»

ጸጋአብ የሚደረገውን ያውቃል፤ ሃና ያሉ ከብት ጠባቂዎች ነግረውታል። ቶሎ፣ በብዙው፣ ሳያቋርጡ ማጠብ ነው። ውኃ ካጡ በወተት ያጥባሉ። እዚህ ግን ከብት የለ። ወንዙ በእግር ከሰዓት በላይ ያስኬዳል። ስልኩን አወጣ፤ ኔትወርክ የለም። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ደግሞ የፈላና ዝገት የበላው ነው። ባዶዋን ጀሪካን አንሥቶ ዘቀዘቃት። ምንም።

ያኔ ካርቶኑ ትዝ አለው።

ሮጦ የመኪናውን ኋላ ከፈተ። ጀሪካኗ ስታንጠባጥብ የመጣችው ካርቶኑ ላይ ነበር። ወረቀቶቹ ሁሉ ተላጥተው ከሥር እንደ ገንፎ ተላቁጠዋል። ሰባቱ ጠርሙሶች ራቁታቸውን፣ አንዱ ከአንዱ ሳይለይ፣ ተጋድመዋል።

«ምን ትጠብቃለህ? አምጣው!» ጮኸች ከበቡሽ።

«የቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም! አንደኛው ያቃጥላል ብዬሽ አልነበር? እሱን ከጨመርንበት እባቡ የጀመረውን እኛ እንጨርሰዋለን!»

«ታዲያ ሲጠፋ ዝም ብለን እንየው?»

ጸጋአብ አንድ ጠርሙስ ይዞ ቆመ። ሲያሸተው አይሸትም። ቀለምም የለው። ኮሌጅ የተማረውን አሰበ፤ ኮሌጅ ምንም አልነገረውም። የነገረችው ሐና ናት፣ በዚያ ነጭ ሸሚዝ።

«ደም» አለ። «ደም ላይ አረፋ የሚሠራው ነው የሚያቃጥለው።»

ጠርሙሶቹን ከበቡሽ አጠገብ አምጥቶ የግራር እሾህ ሰብሮ አውራ ጣቱን ወጋ። አልደማም። ደግሞ አጥብቆ ወጋ። ደሙ ሲወጣ የጠርሙሱን ክዳን ለመንቀል ታገለ፣ ጣቱ እየተንሸራተተ አቃተው። ከበቡሽ ከእጁ ነጥቃ በጥርሷ በጠሰችው። ያልተከፈተ ይመለስ ያለችው ራሷ ናት፤ ሁለቱም ግን አላስታወሱትም።

ጣቱ ላይ ጠብ አደረገችበት። ደሙ ኩፍ አለ።

«የሐና ነው! ጣይው!»

ሁለተኛውን ጠብ አደረገ። ደሙ ቀጠነና ወደ መዳፉ ወረደ። አረፋ የለም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ እስከ አሥር ቆጠረ። አሁንም የለም።

«ይኸው ነው፣ ስጠኝ!» አለች ከበቡሽ።

«ቆዪ» አለና አንገቱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ የራሱ ዓይን ውስጥ አንጠባጠበው።

«አንተ! እብድ ነህ?»

ዓይኑን አርገበገበ። ቀዘቀዘው እንጂ አላቃጠለውም። «አፍስሺ» አላት።

ከበቡሽ በሁለት ጣቶቿ የጋሽ ይሁኔን የዓይን ቆብ ገልጣ ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ እያፈሰሰች ታጥብ ጀመር፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ። እሱ እንደ ታሰረ በሬ ይወራጫል። ጸጋአብ እያንዳንዱን ጠርሙስ ከመስጠቱ በፊት ጣቱን እየጨመቀ ይፈትናል። ሦስተኛው ኩፍ አለ። አራተኛው ዝም አለ። አምስተኛው ኩፍ። ስድስተኛውና ሰባተኛው ዝም። ከሰባቱ ለዓይን የሚሆኑት አራት ነበሩ፤ አራቱም አልቀው ቀሚሷ በስብሶ ቀረ።

«ጋሼ፣ አሁንስ?»

«ብርሃን አለ። ሰው ግን የለም። ጉም ነው።» ከዚያ «ማን ሊነዳ ነው?» አለ።

ከበቡሽ መንዳት አታውቅም። ጸጋአብ የሚያውቀው ሞተር ብስክሌት ብቻ ነው።

«በል ግባ ኢንጂነር» አለ ጋሽ ይሁኔ። «እኔ በጆሮዬ እነዳለሁ፣ አንተ በእጅህ።»

ዓይኑ በከበቡሽ ነጠላ ተሸፍኖ መሀል ተቀመጠ። መኪናው ሦስት ጊዜ ዘሎ ሦስት ጊዜ ጠፋ። በአራተኛው ተነሣ።

«ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለህ ልቀቅ፤ አትርገጠው፣ በረሮ አይደለም! አሁን ሁለተኛ። አሁን ስማው፣ ሞተሩ እያለቀሰ ነው፤ ማርሽ ቀንስለት። ድልድዩ ጋ ደረስን?»

«እንዴት አወቁ?»

«አሸዋው ይነግረኛል። ቀኝህን ያዝ። ቀኝህን አልኩህ!»

የጂንካን ዳገት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ወጡት። ከበቡሽ መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ጨፍና ጸለየች። «ሁለት ዕውር ጭኜ እየሄድኩ ነው» ብሎ ጸጋአብ ሊቀልድ ፈለገ፤ ኩርባ መጣበትና ተወው።

ሆስፒታል ሲደርሱ የተቀበለቻቸው ነርስ ነጠላውን ገልጣ «በምን አጠባችሁት?» ብላ ጠየቀች።

«በኮንታክት ክሊነር» አለች ከበቡሽ።

ነርሷ እጇን ከሰውየው ፊት መለሰች። «በምን? ወንድሜ ኤሌክትሪሻን ነው፤ ሽቦ ላይ የሚረጨውን ነው የምትይኝ? ዓይን ላይ? ማን ነው ይኼን ያደረገ?»

ከበቡሽ ጸጋአብን አየችው። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ከጠዋት ጀምሮ የያዘችው ለቀቃትና፣ እያለቀሰች ሳቀች። «እሱንማ ብናገኝ እዚህ መች እንመጣ ነበር እቴ! ሃና ውኃ ይጠጣ ነበር!»

ጸጋአብ ከሥር ከመሠረቱ አስረዳ። «የከበቡሽ ጥፋት አይደለም» ብሎ ጨረሰ። «እኔ የምን ኮንታክት እንደሆነ አልጻፍኩም።» ከበቡሽ ይህን ሰምታ ሳቋን አቆመች።

ሐኪሙ በመብራት መረመረ። የዓይኑ ገጽ ተልጧል አለ። በቶሎ መታጠቡ ጥሩ ነው፤ እስከ ምን እንደሚድን ግን ሲከፈት ይታያል። ቅባት አድርጎ ሁለቱንም ሸፈነው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም አልጋው ዳር ቆመው ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ያያሉ። ጋሽ ይሁኔ ዓይኑን ቀስ ብሎ ከፈተ። ቀልቷል፤ ያነባል። ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ወደ ጣሪያው ዞረ።

«ጋሼ?» አለ ጸጋአብ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

ጸጋአብ እጁ ውስጥ ያለውን ረስቶት ነበር። ሌሊቱን የጻፈው አዲሱ ደብዳቤ ነው። ሰጠው።

ጋሽ ይሁኔ ወረቀቱን አርቆ፣ ደግሞ አቅርቦ፣ እንደ ተማሪ ፊደል እየቆጠረ አነበበ። «ለሃና የውኃ ፓምፕ የኤሌክትሪክ ማብሪያ የሚረጭ ማጽጃ፣ በቆርቆሮ ያለ፣ ለዓይን የማይሆን፣ ብዛት ሁለት። እንዲሁም በመኪናው ውስጥ የሚቀመጥ የዓይን ማጠቢያ፣ ለፓምፕ የማይሆን፣ ብዛት አሥራ ሁለት።»

ከበቡሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ጋሽ ይሁኔ ግን የወረቀቱን ግርጌ አተኩሮ እያየ ፊቱን አኮሳተረ።

«ይኼ ልጅ አይማርም እንዴ» አለ። «ፊርማህ የታለ?»