አራት ካሜራ ለአባዬ አውቶቡስ

አባዬ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር ነው። እኔ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለዚህ የተወለድኩት ለእሱ መኪና ይመስለዋል። እሁድ ጠዋት ጋራዤ ድረስ ነድቶ መጣና በአራቱም ጎን ካሜራ ግጠሚልኝ አለኝ።

«ሠላሳ ዓመት በስፖኪዮ ነድተህ አሁን ምን መጣ?»

«አንገቴ አልዞር አለኛ! ነገ ጠዋት አርባ ሕፃን እጭናለሁ። ኢንጂነሯ፣ ዝም ብለሽ ሥሪ።»

ነገሩ አልጣመኝም። አባዬ መስታወት ሲሰነጠቅ እንኳ በፕላስተር ለጥፎ የሚነዳ ሰው ነው። ቢሆንም ሠራሁ። ባለ አራት ማብሪያ ፓኔል ከነስክሪኑ ከመሪው ጎን ገጠምኩ፤ አንዱን ሲጫኑት የዚያ ጎን ካሜራ ምስል ስክሪኑ ላይ ይመጣል። ሽቦውን በጣሪያው ሽፋን ውስጥ ስስብ ግማሽ ቀን ሄደ፤ ወገቤም አብሮት ሄደ።

ሲያልቅ እንደ ደንቡ ፈተሽን። አንዱ ጋቢና ተቀምጦ ማብሪያውን እየተጫነ የሚያየውን ይናገራል፤ ሌላው ውጭ እየዞረ ይቆማል። ከፊት ቆምኩ። «አየሁሽ!» አለ። በግራም በቀኝም «አየሁሽ!» አለ። ዞሬ ከአውቶቡሱ ኋላ ቆምኩ።

«አሁንስ አየኸኝ?»

«አንቺ የለሽም። ይቺ ልጅ ግን የማን ናት?»

ዞር ብዬ አየሁ። ግድግዳና አሮጌ ጎማ ብቻ ነው። የጋራዡም በር ዝግ ነው።

«የቷ ልጅ?»

«ቢጫ ሹራብ የለበሰችው። ዞር በያ፣ እያት!»

ቀልድ መሰለኝና ልስቅ ስል ቀና ብዬ ካሜራውን አየሁት። ሽቦው ተንጠልጥሏል። የኋላውን ጨርሶ ሳልሰካው ረስቼዋለሁ።

ጋቢና ገባሁ። ስክሪኑ ጥቁር ነው። አባዬ ግን ጎንበስ ብሎ አፍጥጦ ያየዋል። ማብሪያዎቹን በሙሉ አጠፋኋቸው፤ ዓይኑን አልነቀለም። መዳፌን ስክሪኑ ላይ ደፋሁት።

«አሁን እጅሽ ላይ ቆመች» አለኝ ቀስ ብሎ።

እጄን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰብኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ክረምቱ ሲገባ ነው የጀመረኝ። ሐኪሙ ዓይንህ እየደከመ ነው፣ የደከመ ዓይን የሌለ ነገር ያሳያል፣ አላበድክም አለኝ። መንገድ መሃል ይቆማሉ። ልጆች ናቸው፤ ምንም አይሉም። ካሜራው ላይ ካልታዩ የውሸት መሆናቸውን አውቃለሁ ብዬ ነበር።»

«እስከ ዛሬስ እንዴት ስትነዳ ነበር?»

«መጀመሪያ መጀመሪያ ፍሬን እይዝ ነበር። ተማሪዎቹ ከወንበር ይወድቃሉ፣ ከኋላ ያለው ሹፌር ይሰድበኛል። ኋላ ለመድኳቸው። አሁን ዝም ብዬ አልፋቸዋለሁ።»

አባቴን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራሁት።

«እውነተኛ ልጅ ብትሆንስ? በምን ትለያታለህ?»

ሁለት እጁን መሪው ላይ አደረገ።

«እውነተኞቹ ይሸሻሉ» አለኝ።

የሞተሩን ቁልፍ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም። እንባው ጉንጩ ላይ ሲወርድ እንኳ አልጠረገውም።

«እስካሁን ሁሉም ሸሽተዋል» አለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ልጅነቴን የሚፈልግ ይመስል ፊቴን እያየ፣ «መሰለኝ» አለ።