ኮላና ቺንጋ

ወንድሜን ሰፈሩ «ክሬን» ይለዋል። ባለሦስት መቀመጫ ሶፋ ብቻውን ደረጃ የሚያወጣ ሰው ሌላ ስም አይገባውም። የተረከዙ ጅማት የተበጠሰውም ሶፋ ተሸክሞ ነው።

ጅማቱ ተሰፋ፣ ቁስሉ ዳነ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋም «ከአሁን በኋላ በልኩ አሠራው፤ ተቀምጠህ ከዋልክ ጅማቱ ሰንፎ ይቀራል» ብላ፣ እንቅስቃሴውን አሳይታ ላከችው። ቤት ሲደርስ ግን ሌላ ባለሙያ ጠበቀችው፦ እማዬ።

የሶፋ ማደሻ ቤታችን የእሷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የተሰበረ የወንበር እግር በእንጨት ኮላ ስታጣብቅ ስለኖረች የልጇንም እግር በዚያው ሕግ ታስተዳድረዋለች።

«ኮላው ሳይደርቅ የተነካ ወንበር ዕድሜ ልኩን ይወላገዳል! አርፎ ይቀመጥ።»

ክሬንም አርፎ ተቀመጠ። ወዶ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቶ ነው። ሲበጠስ «ጧ!» ያለው ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። ተረከዙ መሬት በነካ ቁጥር ላብ በላብ ይሆናል። እንዲህ ከከረመ ሶፋ መሸከም ቀርቶ ደረጃ መውጣትም ሊቀርበት ነው።

እኔ ደግሞ ዝም ብዬ የማይ ሰው አይደለሁም። ትምህርት ባቋርጥም ማንበብ አላቋረጥኩም፤ ያልገባኝንም ባለሙያዋን እየተከታተልኩ ጠይቄያታለሁ። አንድ ቀን መቀመጫው የወለቀ ወንበር ጎትቼ አመጣሁና ቺንጋውን፣ ማለትም ከመቀመጫው ሥር የሚወጠረውን ሰፊ ጥብጣብ፣ ሳልወጥር እንደነገሩ ቸነከርኩት።

«እማዬ፣ እስቲ ተቀመጪበት።»

ተቀመጠች። ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ።

«አንቺ ልጅ! ቺንጋ ሳይወጠር ይመታል? ማን ነው ያስተማረሽ?»

«አንቺ ነሻ! ታዲያ የልጅሽን ቺንጋ ለምን አላልተሽ ትተይዋለሽ?»

ክሬን ሳቀ፤ ከሳቀ ስንት ጊዜው።

«ጅማት ኮላ አይደለም» አልኩ ወደ ላላው ቺንጋ እያመለከትኩ። «ሸክሙን የሚችለው ውስጡ ያለ ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ኤላስቲን የሚባል ጥቂት አጋዥ አለው፤ የተለጠጠውን ይመልስለታል። ጅማት ሲበጠስ ሰውነት መጀመሪያ የሚያመጣው ቀጭንና የተዝረከረከ ኮላጅን ነው፤ የጥድፊያ ስፌት በሉት። ቀስ በቀስ በልኩ ሲሳብ ነው ክሩ በሸክሙ አቅጣጫ የሚሰለፈው፣ በጠንካራውም የሚተካው። የሚስበው ከሌለ በየት በኩል እንደሚሰለፍ በምን ያውቃል?»

«እንግዲያው ዛሬውኑ ያንን ሶፋ ላንሳው?» አለ ክሬን።

«አንተ ደግሞ፣ ወይ ሬሳ ወይ ጀግና! የጥድፊያ ስፌት ነው አላልኩም? ጠረጴዛውን ያዝና የታዘዝከውን ብቻ ሥራ።»

ያዘ። ፊቱ አመድ መሰለ። እማዬ ከወንበሩ ተነሥታ የያዘችው ብሩሽ ኮላውን ጫማዋ ላይ ያንጠባጥባል፤ አላየችውም። ሁለቱም ተረከዞቹ ከመሬት ተነሡ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ቀስ ብለው ወረዱ።

«ጧ አላለም» አለ በሹክሹክታ።

«ምን ብሎ ይላል! በልኩ ነው ያልኩህ፤ ድገመው» አለች እማዬ።

ያልኩህ! ምላሴን ነከስኩ፤ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ደገመው። ላቡን ጠርጎ ሊቀመጥ ዞር ቢል ወንበሩ የለም። እማዬ ገልብጣ ጠረጴዛ ላይ አውጥታው፣ የላላውን ቺንጋ እንደገና ልትወጥረው በፒንሳ እየነቀለች ነበር።