የቀለጠው አኮርዲዮን

«የሚያፈሰው በዚህ በኩል ነው» አለች የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጠባቂ ሚስስ አልሜዳ፣ ኖልተንን አስከትላ የአዳራሹን ወለል እያቋረጠች።

ኖልተን ደረቱ ላይ አጥልቆ በማንኪያ የሚጫወትባትን ሸንተረራም የቆርቆሮ ሰደርያ በብብቱ ሸጉጦ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየ። እውነትም የፍሳሽ እድፍ አለበት። ሴትየዋ እንግዳ አክብራ አዳራሹን የምታስጎበኘው መስሎት፣ አይዞዎት፣ የእኛም ሰበካ ጣሪያ ከዚህ አይሻልም ብሎ አጽናናት። እሷም መሰላሉ ጓዳ ውስጥ መሆኑን ነግራው፣ ለዚህ ሁሉ ቀዳዳ አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ይዞ መምጣቱ ግን እንዳልገባት አልደበቀችውም። ጣሪያ ጠጋኝ መስሏት መሆኑ ለኖልተን የበራለት ያኔ ነው። ማንኪያዎቹን ከኪሱ አውጥቶ ቆርቆሮዋን ከላይ እስከ ታች ገረፍ ሲያደርጋት፣ ሚስስ አልሜዳ የያዘችውን የቁልፍ ዘለላ ጥላ ወደ ኋላ ተፈናጠረች።

ሌላ ቀን ቢሆን ሽማግሌው ቴልስፎር ይህን ሰምቶ ከካሊፎርኒያ እስከ ሉዊዚያና እየሳቀ ይመለስ ነበር። ኖልተን የልጁ ባል ነውና አማች የሚያበሽቅበት ወሬ ሲያገኝ አይለቅም። በዚያን ዕለት ግን ሳቁ አልመጣም። ከመድረኩ ኋላ ተንበርክኮ፣ ከሣጥኑ ያወጣውን አኮርዲዮን እንደ ታመመ ሕፃን በሁለት እጁ ይዞታል። ብድግ ሲያደርገው ከውስጡ እንደ ደረቅ ባቄላ የሚንኳኳ ድምፅ ሰማ። ወናፉን ሳብ አደረገ። አየር ወጣ እንጂ ዜማ አልወጣም።

ልጁ ኤርሊን ቫዮሊኗን ትታ መጣች። ድምፁን ሰምታለች። በሉዊዚያናዋ መንደራቸው በፕሬሪ ሎራን ተወልዶ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። የአኮርዲዮን ድምፅ የሚወጣው እንጨት ላይ በሰም ከተጣበቁ ትንንሽ የብረት ምላሶች ነው፤ ፀሐይ ያገኘው እንደሆነ ሰሙ ይቀልጥና ምላሶቹ እንደ አሮጊት ጥርስ አንድ በአንድ ይረግፋሉ።

ቴልስፎር ደግሞ ይህን ነገር ለሰው ሲሰብክ የኖረ ሰው ነው። ምግብ ቤት ሲገባ ለአኮርዲዮኑ ወንበር ያስለቅቃል። አንድ ጊዜማ አማቱን ፀሐይ ላይ አቁሞ አኮርዲዮኑን ዛፍ ሥር አስቀመጠ ይባላል፤ ሐሜት ነው ብለን እንለፈው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት እንግዲህ ይህ ነው።

ጥፋቱ የመጣው በቋሊማ በኩል ነው። ከእኛ አገር ወደ ካሊፎርኒያ የሚሄድ ሰው ሩዝና የአሳማ ሥጋ የታጨቀበትን ቋሊማ ሳይዝ ከሄደ፣ እዚያ ያለ ዘመዱ በር አይከፍትለትም። የቴልስፎር ታላቅ እህት ኦዴሊያ ደግሞ ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደሚገዛ ሳይቀር በስልክ አዝዛዋለች። እናም የአሪዞናን በረሃ ሲያቋርጡ፣ የመኪናዋ ማቀዝቀዣ ቀዝቃዛ አየር የሚሰጠው ለፊተኛው ወንበር ብቻ ስለሆነ፣ ወንበሩ ላይ በእርጥብ ፎጣ ተጠቅልሎ የተቀመጠው የቋሊማው የበረዶ ሣጥን ነበር። ለምሳ ሲቆሙም ቋሊማውን ተሸክመው ጥላ ውስጥ ገቡ። አኮርዲዮኑ ከኋላ፣ መስታወቱ ሥር ቀረ። ማን አዘዘ? ራሱ ቴልስፎር።

«ወደ ኋላ አድርጉት» ነበር ያለው። «ቋሊማው ሞቆ ከደረሰ ናናን በሕይወት አታኖረኝም።»

ናናን፣ በአገሬው አፍ የክርስትና እናት ማለት፣ የሚላት ኦዴሊያን ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ጥርስ አላወጣም፤ ያሳደገችው እሷ ናት፣ ክርስትና ያነሣችውም እሷ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከብ ግንባታ ሥራ አለ ሲባል ከአገሬው ሰው ጋር ካሊፎርኒያ፣ ሪችመንድ ገብታ በዚያው ቀረች። አሁን ልቧ ደክሟል። ሐኪሞቹ ሰኞ ደረቷን ከፍተው ካልጠገኑት የመከሩን ወራት አታየውም ብለዋል። እሷ ደግሞ አልገባም አለች። ልጇ ክላሪስ ስልኩ ላይ ስታለቅስ፣ ኦዴሊያ እጀታውን ነጥቃ፣ ወንድሟን በቁልምጫ ስሙ ጠርታ የራሷን ውል ተናገረች።

«ስማኝ ቲፎር። የፓፓን ቫልስ፣ በፓፓ አኮርዲዮን አምጣልኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከዳነስኩት ሰኞ ሄጄ ይቅደዱኝ። አለበለዚያ እንደ ተሰፋሁ እሞታለሁ።»

በእናቷ መቃብርም ማለች። ኦዴሊያ በእናቷ መቃብር የማለችውን አጥፋ አታውቅም፤ በዚያው መሐላ አንድ ባል አግብታ፣ በዚያው መሐላ አባራዋለች። ቴልስፎር ባንዱን ሰብስቦ መንገድ የጀመረው ለዚህ ነው። የአገሬው ስደተኛም የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ለቅዳሜ ያዘ፤ ዳንሱም ለእሷ ጤና ሲባል ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንዲጀመር ተወሰነ።

አሁን ስምንት ሰዓት አልፏል።

ኤርሊን ቫልሱን፣ ያን ጥንድ ጥንድ ሆነው እየዞሩ የሚደንሱበትን የአያቷን ዜማ፣ በቫዮሊን ልጫወትላት አለች። ቴልስፎር ራሱን ነቀነቀ። ኦዴሊያ የጠየቀችው ያንን አኮርዲዮን ነው፤ አባታቸው ከሁለት በቅሎዎቹ አንዷን ሰጥቶ የገዛውንና በቀረችው በቅሎ ብቻ ሲያርስ የኖረለትን። እንዲያም ሆኖ ተስፋ የቆረጠ ሰው የማይጠይቀው የለምና፣ ኖልተን በሰበካው አኮርዲዮን አለው የሚባለውን ሰው ቤት ደውሎ ጠየቀ። ሰውየው አኮርዲዮኑን ይዞ ለክርስትና ልጁ ሠርግ ሉዊዚያና ሄዷል። በረሃው ላይ ተላልፈው ይሆናል።

«ሰም እንፈልግ» አለ ቴልስፎር።

ሚስስ አልሜዳ የወደቀ ቁልፏን ለቅማ፣ ከቆርቆሮው ድንጋጤ ሳትወጣ ነው የተጠየቀችው። የመሠዊያ ሻማ ከነካርቶኑ አመጣች። ቴልስፎር አንዱን አሸተተ፣ ነከሰ፣ ተፋው። የፋብሪካ ሻማ ነው፤ ብረት አይዝም። ንብ የሠራችው መሆን አለበት። እሷም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚያስገባው በር በኩል አየች። እነሱም አዩ። ከመጠመቂያው አጠገብ፣ በትንሣኤ ሌሊት የሚበራው፣ የሕፃናቱ ሁሉ ሻማ የሚለኮስበት፣ የሰው ክንድ የሚያህለው ሻማ ቆሟል። የማሩ ሽታ እበሩ ድረስ ይመጣል።

ቴልስፎር ባርኔጣውን አወለቀ። ዕድሜውን ሙሉ የፋሲካ ቁርባን አምልጦት የማያውቅ ሰው ነው፤ ገሃነም ምን ያህል እንደሚሞቅ ሲያስብ ደግሞ የመጣለት የመኪናዋ የኋላ መስታወት ነበር። ሳይወድ በግድ የኦዴሊያን ነገር፣ ሰኞን፣ መሐላዋን ነገራት።

ሚስስ አልሜዳ ከጓዳ የዳቦ ቢላ ይዛ ተመለሰች።

«ከታች ቁረጡ» አለች። «ከላይ ከሆነ አባ ያያሉ። የእኔም ባል ሐኪም ቤት አልገባም ያለ ሰው ነበር።»

ሰሙን በጓዳው ምድጃ ላይ በመጥበሻ አቀለጡት። ሰም ብቻውን ይለሰልሳልና፣ ኤርሊን ለቫዮሊኗ ደጋን የምትቀባውን ሙጫ ቀጥቅጣ ጨመረችበት። አስቸጋሪው ግን ምላሶቹን ቦታ ቦታቸው መመለስ ነው። ብረቶቹ ሁሉ ይመሳሰላሉ። ቴልስፎር አንዱን አንስቶ ከንፈሩ ላይ ያደርግና እፍ ይላል፤ ሲጮህ ያዳምጣል፣ ያስባል፣ ለኖልተን ቦታውን ያሳየዋል፤ ኖልተን ይይዛል፣ ኤርሊን በሻይ ማንኪያ ሰሙን ዙሪያውን ታፈሳለች። ጊዜው እየገፋ ሲሄድ የሽማግሌው ትንፋሽ እያጠረ፣ የብረቱ ጩኸት ከእሱ ሳል አልለይ እያለ መጣ። ከንፈሩ ደማ። አንዴ ተሳስቶ ሁለቱን አዛንቆ ኖሮ፣ እንደገና ነቅለው ሠሩት።

አዳራሹ መሙላት ጀመረ። ሴቶቹ ድስታቸውን ተሸክመው ገቡ፤ ወንዶቹ ቦት ጫማቸውን እያንኳኩ ወለሉን ሞከሩ። ኦዴሊያም በልጇ ተደግፋ፣ ለገበያ የማትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ገባች። ወንበር ሳትይዝ ጓዳው በር ላይ መጥታ ቆመች። ቴልስፎር መጥበሻውን በጀርባው ከለለ።

«ቋሊማው ሞቋል?»

«እንደ በረዶ ነው፣ ናናን።»

«ታዲያ የአንተ ፊት ለምን ቀለጠ?»

መንገዱ ነው፣ ድካሙ ነው ብሎ ሸኛት። ክላሪስ ግን ወደኋላ ቀርታ ክንዱን ያዘችው። የእናቷ ከንፈር ከጠዋት ጀምሮ እየጠቆረ መሆኑን፣ ብዙ መቀመጥ እንደማትችል፣ ቶሎ ካልሆነ ወደ ቤት ልትመልሳት መሆኑን በጆሮው ነገረችው። እሺ አለ። የመጨረሻው ምላስ ሲጣበቅ ሰሙ ገና በጣት ሲነካ ይለጠፋል።

ሚስስ አልሜዳ በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ አለች። ሻማ ስታበራና ስታጠፋ የኖረች ሴት ናት፤ በድንገት የቀዘቀዘ ሰም ይሰነጠቃል፣ አይታመንም ብላ መከረች። ቴልስፎር በበሩ ስንጥቅ ኦዴሊያን አያት። ወንበር ላይ ሆና በከዘራዋ ወለሉን ትመታለች፤ የእጇ ምት ከቫልስ እየፈጠነ፣ እየዘገየ፣ ደግሞ እየፈጠነ ይሄዳል። የልቧን ምት የሚሰማ መሰለው።

«ቋሊማውን አውጡት» አለ።

ቋሊማው ጠረጴዛ ላይ ተዘረገፈ። ምላሶቹን የተሸከሙት እንጨቶች በፎጣ ተጠቅልለው በእሱ ቦታ በረዶው ውስጥ ገቡ። ኖልተን፣ አኮርዲዮኑ አሁን ገና የፊት ወንበሩን አገኘ ብሎ ነበር፤ ማንም አልሳቀለትም።

ሲያወጧቸው ሰሙ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ነበር። ገጣጠሙት። ቴልስፎር ወናፉን በጥንቃቄ ሳብ ሲያደርግ አኮርዲዮኑ ጮኸ። ድምፁ ጎርናና ነው፣ አንዱ ቁልፍ ትንሽ ያኮርፋል፤ ግን ጮኸ። ኤርሊን ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። አባቷ ደም የነካውን ከንፈሩን በመሐረብ ጠርጎ መድረክ ላይ ወጣ።

እንደ ደንቡ ዳንስ በሞቅታ ይጀመራል፤ የአባት ቫልስ የሚመጣው ሰው ሊለያይ ሲል ነው። ያን ዕለት መጀመሪያው እሱ ሆነ። እንግዶቹ ነገሩ ተነግሯቸው ነበርና ወለሉን ለቀቁላት። ኦዴሊያ ከዘራዋን ለሚስስ አልሜዳ ሰጠችና ክላሪስን አቅፋ ቆመች።

ቴልስፎር ጀመረ። አባቱ ይህን ቫልስ የሚጫወተው በዝናብ ቀን፣ ማሳው ጭቃ ሲሆንና በቅሎዋ ስታርፍ ነበር። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ይሄዳል፤ እንደ ማፈር፣ እንደ ማመንታት። ኦዴሊያ እግሯን አነሣች፣ አሳረፈች፣ ዞረች። የኖልተን ማንኪያ ቆርቆሮዋን ሲዳብሳት እንጂ ሲገርፋት አይሰማም። ጥግ ላይ የቆሙ አሮጊቶች አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ኦዴሊያ በሁለተኛው ዙር የልጇን ትከሻ ለቀቅ አድርጋ ብቻዋን ዞረች፣ ከንፈሯም የቀላ መሰለ። ቴልስፎር እንደዚያ ሆና ያያት የመርከብ ሥራ ልትሄድ ባቡር ስትጠብቅ ነው።

ከዚያ ቫልሱ የሚወጣበት ቦታ ደረሰ። ሁለተኛው ግማሽ ከፍ ብሎ ነው የሚነሣው፤ ወናፉ በኃይል ካልተገፋ አይሆንም። ቴልስፎር ሊያቅማማ ፈለገ፤ ግን አባቱ እዚያ ላይ አያቅማማም ነበር፣ ኦዴሊያም ታውቃለች። ገፋው።

የተሰማው እንደ ቀጭን በረዶ የሚሰበር ነገር ነው። አንዱ ቁልፍ ዝም አለ። ቀጥሎ ጎረቤቱ። ኤርሊን በቫዮሊኗ ደርባ ልትሸፍንለት ሞከረች፤ ኖልተን ማንኪያውን አጠነከረ። ቴልስፎር በቀሩት ድምፆች ዜማውን ሊዞር ሲል የቀሩትም ረገፉ፤ ባቄላው ውስጡ ተንኳኳ፤ አየር ብቻ ወጣ። ቆርቆሮዋ ጥቂት ብቻዋን ሄዳ እሷም አፈረች።

ኦዴሊያ አንድ እግሯን ገና እንዳነሣች ወለሉ መሐል ቀረች። ክላሪስ ያዘቻት። ውጭ ማካፋት ጀምሯል፤ ኖልተን ያየው እድፍ ሥር ጠብ ይል ጀመር።

ቴልስፎር አኮርዲዮኑን እንደ ታቀፈ ከመድረኩ ወረደ። ልመናውን በእነዚያ ጥቂት እርምጃዎች አዘጋጅቶ ነበር፤ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ቋሊማው፣ ስለ ትንሣኤው ሻማ። እፊቷ ሲደርስ ግን ሁሉም ጠፋው። እንደ ልጅነቱ አንገቱን ደፍቶ የቀረችውን አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ናናን… ሰኞ ትገቢያለሽ አይደል?»

ኦዴሊያ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዘራዋን ከሚስስ አልሜዳ ተቀበለች። አኮርዲዮኑን አየችው፣ ከዚያ የወንድሟን የደማ ከንፈር።

«ግማሽ ቫልስ ነው የተጫወትክልኝ፣ ቲፎር» አለች። «ለሐኪሞቹ የቱን ግማሼን ልላክላቸው?»