እህም ብሎ መግባት

ማሽኑ ይጮሃል፤ ኦፕሬተሩ ግን ውጭ ቆሟል። ብዙነህ ሰማያዊ ቱታውን እንደለበሰ፣ ለአዲሱ የቃጫ ፋብሪካ በር ጀርባውን ሰጥቶ፣ የሆሳዕናን ገበያ መንገድ እያየ "እህም፣ እህም" ይላል።

የአውራጃው የኢንዱስትሪ ተጠሪ ተክለጊዮርጊስ ከላንድሮቨሩ ወረደ።

"እዚህ ምን ትሠራለህ?"

"ሴቶቹ እንሰቱን ተሸክመው ገቡ፣ ጓድ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ወጣሁላቸው።"

ተክለጊዮርጊስ የመንዝ ሰው ነው። ሆሳዕና ከመጣ ቆይቷል፤ ቆጮውን በክትፎ አሳምሮ ይበላል። እንሰት እንዴት እንደሚፋቅ ግን አይቶ አያውቅም። በዚህ አገር ወንድ አያይም። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ወደ ላይ ሰብስበው፣ እንሰቱን በአንድ እግራቸው ከሳንቃው ጋር ረግጠው ሲፍቁ፣ የሚያልፍ ወንድ ከሩቅ "እህም" ብሎ ያሰማል፤ ካልፈቀዱለት ዞሮ ይሄዳል። ብዙነህም ያደገው በዚሁ ነው።

ለሥልጠና አዲስ አበባ ሲላክ ታዲያ ለምን ዝም አለ? ማሽን ማሽን ነው ብሎ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ግን ያሰከረው ቱታው ነው። ከአዲስ አበባ ሲመለስ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ለብሶት ሄዷል።

ተጠሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስማ ብዙነህ፣ ነገ ለአብዮቱ በዓል እንግዶች ይመጣሉ። ቃጫ ሲወጣ ካላዩ ማሽኑን ጭነው ሌላ አውራጃ ይወስዱታል። 'እዚያ አገር ደግሞ ምን ፋብሪካ ያስፈልጋል' የሚሉ ሞልተዋል። ይህን ባህል ምናምን ተወውና ግባ።"

ነገሩ ብዙነህን አመመው። እውነት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አመመው። ጥርሱን ነክሶ ገባ። መጀመሪያ ያዩት አማቱ ወይዘሮ አስናቀች ናቸው። ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው አንገታቸውን ደፉ። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። ብዙነህ ሞተሩን አጥፍቶ ተመልሶ ወጣ።

ሚስቱ ጣቢታ ተከትላው መጣችና በሀድይኛ አናገረችው።

"የማቴዎስ አባት፣ ማሽኑንማ ወደነዋል። ይኸ በእጅ መፋቅ ወገባችንን ጨርሶታል። ያልወደድነው አንተን ነው።"

"እኔን?"

"እዚያ ውስጥ።"

ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋና ቱታውን ቁልቁል አየው።

"ታዲያ ማን ያንቀሳቅሰዋል?"

"አሳየኛ። እንሰቱን እንደሆነ ከአንተ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።"

ሴቶቹ እስክትማር ትንሽ ወጣ አሉላቸው። ማስነሻውን፣ ማጥፊያውን፣ እጅ ከየት መመለስ እንዳለበት አሳያት። ሦስተኛውን ደጋግሞ ነገራት። ሲጨርስ ቱታውን አወለቀ፤ እንደ ቆዳው ነበር፣ እስኪለቀው ጊዜ ወሰደበት። ጣቢታ ለበሰችው፤ ሰፋባት። እጅጌውን ጠቅልላ ገባች።

በማግስቱ በሩ ላይ ቀይ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ብዙነህ ከወንዶቹ ጋር ደጅ ተቀምጦ፣ ከውስጥ የሚወጣውን ነጭ ቃጫ ገመድ ይገምዳል፤ ገመድ መግመድ ድሮም የወንድ ሥራ ነው። ቃጫው እንደ ጉድ ይወጣል። ካኪ የለበሱት እንግዶች እየዳሰሱ ተደነቁ።

"ኦፕሬተሩ የታለ?" አለ የእንግዶቹ መሪ።

"ውስጥ ናት" አለ ብዙነህ። "ጣቢታ ትባላለች። ባለቤቴ ናት።" ቱታውን ለብሶ በከተማው ሲዞር እንኳ እንዲህ ኮርቶ አያውቅም።

እንግዳው ወደ በሩ ተራመደ። ብዙነህ ገመዱን ጥሎ ፊቱ ቆመ። በዚያ ዘመን ካኪ በለበሰ ሰው መንገድ ላይ ማንም አይቆምም።

"ይቅርታ ጓድ። እዚህ ቤት ወንድ ከደጅ ሳያሰማ አይገባም።"

እንግዳው ወደ ተክለጊዮርጊስ ዞረ። "ምንድን ነው የሚለው?"

ተክለጊዮርጊስ ብዙነህን አየው። ከውስጥ ማሽኑ ይሰማል፣ የሴቶቹም ሳቅ ይሰማል። "አንተ ዞር በል" ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ኮቱን ቆለፈና ወደ በሩ ቀረበ።

"እህም" አለ።

"ቆዩ" አለች ጣቢታ ከውስጥ።

እንግዶቹ ሁሉ ቆዩ።