በኮቦር ዳር የተሰቀሉ በገናዎች

ነታንያ የአሳፍ ዘር ነው። አባቱም አያቱም በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በገና ደርዳሪዎች ነበሩ፤ እሱም ከተማይቱ ከመቃጠሏ በፊት በመሠዊያው አጠገብ ከሚቆሙት መዘምራን አንዱ ነበር። ባቢሎናውያን ሕዝቡን ማርከው ኮቦር በሚባለው ትልቅ ቦይ ዳር ሲያሰፍሩት ከመዘምራኑ ሁሉ በዕድሜም በሙያም የሚበልጠው እሱ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ሲረግጥና ጡብ ሲሸከም የዋለው ሰው ምሽት ላይ በቦዩ ዳር ከበቀሉት የአኻያ ዛፎች ሥር ሲሰበሰብ፣ መጀመሪያ በገናውን የሚያነሣው ነታንያ ነበር። እሱ ሳይጀምር የሚጀምር የለም። እሱ ሲጨርስ ደግሞ ሕዝቡ "እግዚአብሔር ይስጥልን፣ የኔታ" እያለ ልብሱን አራግፎ ይነሣል።

ጤልሞን እስኪመጣ ድረስ እንዲህ ነበር።

ጤልሞን ከሌላ ሰፈር ለቦይ ቁፋሮ የተዛወረ ወጣት ነው። ወገኖቹ የመቅደሱ በረኞች ነበሩ። በገና የተማረው ከማንም አይደለም፤ ልጅ ሳለ በር ላይ ቆሞ ከውስጥ የሚመጣውን ዜማ እየሰማ ነው። በመጣ በጥቂት ቀን ውስጥ አንድ ምሽት ጎንበስ ብሎ፣ "የኔታ፣ ቢፈቅዱልኝ አንዲት ብቻ ልበል?" አለ።

"በል እስቲ" አለው ነታንያ፣ የበረኛ ልጅ ምን ሊያመጣ ነው ብሎ።

ጤልሞን ራሱ የጠረበውን በገና ታቅፎ ጀመረ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ነገር ግን ገና ዜማው ሳይጋመስ የሚያስለው ሳሉን ዋጠ፣ ሕፃን የሚያባብሉት ማባበሉን ተዉ። አሮጊቷ ዓዙባ፣ በከበባው ጊዜ ልጆቿን ሁሉ ቀብራ አንዲት ጠብታ እንባ ያልወጣላት ሴት፣ ሻሿን አፏ ላይ ይዛ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጤልሞን ሲጨርስ ማንም አልተነሣም።

"ድገመዋ፣ ልጄ" አለች ዓዙባ።

ነታንያ ፈገግ እንዳለ ቆየ። ፈገግታው ግን ፊቱ ላይ ደርቆ ጉንጩን አሳመመው።

በማግስቱ ሚስቱ ሐሙጣል የገብስ ሊጥ እያቦካች ስታንጎራጉር ሰማት።

"ምንድን ነው የምታንጎራጉሪው?"

"እኔ? ምንም።"

"ምንም ደግሞ ዜማ አለው እንዴ?"

"አይ አንተ ሰውዬ! በገዛ ቤቴ አፌን ለጉሜ ልኑርልህ?"

"የዚያ የበረኛ ልጅ ዜማ ነው።"

"ቢሆንስ? ያምራል።"

"አንደኛው ጅማት ረግቧል፤ አልሰማሽም?"

"እኔ የሰማሁት የራሴ ልብ ሲረግብ ነው" አለችና ወደ ሊጧ ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነታንያ እንቅልፍም ምግብም አልጥምህ አለው። ጤልሞን ሲጫወት ጆሮውን ቀስሮ ስሕተት ይፈልጋል። ካገኘ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎት ይውላል፤ ካጣ የበላው ቂጣ ደረቱ ላይ ይቆማል። ሰው ሲጠይቀው "ደህና ነው፣ ገና ልጅ ነው፣ ይማራል" ይላል። አንድ ሰው መንገድ ላይ "ዛሬ ጤልሞን ይኖራል?" ብሎ ቢጠይቀው፣ ያን ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ ነሣው።

በዚህ መካከል የቦዩ ሹም በልሹኑ አንድ ምሽት እንግዶቹን በጀልባ ይዞ መጣ። የተምር ጠላ ጠጥተው ሞቅ ብሏቸው ነበር። ጀልባዋ ከአኻያዎቹ ሥር ቆመች።

"እናንተ የይሁዳ ሰዎች!" ሲል ተጣራ በልሹኑ። "እንግዶቼ የአገራችሁን ዜማ መስማት አምሯቸዋል። ያንን ለአምላካችሁ የምታሰሙትን። እስቲ ሞቅ አድርጋችሁ አሰሙን!"

ማንም በገናውን አላነሣም። የነታንያ እጅ ግን በገናውን ወደ ጭኑ ስቧል፣ ጣቶቹም ጅማቶቹ ላይ አርፈዋል። ሹሙ የፈለገው እሱን መሰለው። ለዚያ ሰካራም ሹም መጫወት እንኳ ቢሆን ልቡ ደስ ብሎት ነበር።

በልሹኑ ግን እጁን አወናጨፈ። "አንተን አይደለም፣ ሽማግሌው። ያኛው! ያ ልጅ! ሠራተኞቼ ሁሉ ስለሱ ነው የሚያወሩት።"

ነታንያ ቆመ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከየት እንደ ወጣው ሳያውቅ፣ "በአምላካችን ቤት የተዘመረ መዝሙር የሰካራም መጫወቻ አይሆንም!" አለ። በገናውን አንሥቶ ወደ ትልቁ አኻያ ሄደና ከቅርንጫፉ ላይ በገመድ ሰቀለው። "ከእንግዲህ በባዕድ ምድር በገና አይመታም። ልቅሶ ላይ ነን!"

የሕዝቡ ጸጉር ቆመ። አንዱ ተነሥቶ የራሱን ሰቀለ። ሌላውም ተከተለ። አኻያው ፍሬ እንዳፈራ ዛፍ በገና በገና ሆነ። በመጨረሻ ጤልሞን ተነሣ። በገናውን አንድ ጊዜ በመዳፉ ዳሰሰና ውኃው ላይ በተንጋደደው ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ሰቀለው፤ ሌላ ቦታ አልቀረም ነበር።

በልሹኑ ተሳድቦ ሄደ። በማግስቱ የጡቡ ሥራ ተጨመረባቸው። ሕዝቡ ግን ወገቡ እየተቆረጠ አንገቱን ቀና አድርጎ ሠራ። "ነታንያን አያችሁት?" ይባባላሉ፤ "እንደ አንበሳ እኮ ነው የቆመው!" ዓዙባ መንገድ ላይ አግኝታው ትከሻውን ሳመችው። ሐሙጣል እንኳ ማታ እግሩን ስታጥብ ቀና ብላ አይታው፣ "ኮራሁብህ" አለችው።

ነታንያ ያቺን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝቷት ነበር! አሁን ስትመጣ ግን አልጣመችውም። ሹሙ ጣቱን ወደ እሱ ቀስሮ ቢሆን ኖሮስ? ጣቶቹ ጅማቱ ላይ እንደ ነበሩ ያየ የለም። እሱ ግን ያውቃል።

ቢሆንም ምሽቱ ጸጥ አለ፤ ጤልሞንም እንደ ሌላው ሰው ጭቃ እየረገጠ የሚውል ተራ ሰው ሆነ። ነታንያ ደህና እንቅልፍ ይተኛ ጀመር።

የተምሩ መከር ሲያልቅ የዳስ በዓል ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ለመመካከር ሲቀመጡ ዓዙባ ሳትጠራ መጥታ መካከላቸው ተቀመጠች።

"በገናዎቹ ይውረዱ" አለች።

"እማማ፣ መቅደሱ ፈርሶ የምን ደስታ ነው?" አለ ነታንያ። "ይህ አኻያ አሁን የልቅሶ ዛፍ ነው።"

"የልቅሶ ያደረግነው እኛ ነን እንጂ ዛፉ ምን አደረገ? ሙሴ የተምር ዝንጣፊና የወንዝ አኻያ ይዛችሁ ሰባት ቀን በአምላካችሁ ፊት ደስ ይበላችሁ አለ። አልቅሱበት አላለም።"

"ያ በአገራችን ሳለን ነው።"

"አኻያ አገር አይመርጥም፣ ልጄ። ቆርጠህ እዚህ ጭቃ ውስጥ ብትሰካው ሥር ይሰዳል። እኛስ ከሱ እናንሳለን? እኔ ለልጆቼ ያለቀስኩት በጤልሞን በገና ነው። እስከዚያ ቀን ድንጋይ ነበርኩ። አሁን ደግሞ ሳልሞት አንዴ ደስ ይበለኝ።"

ሽማግሌዎቹ ወደ ነታንያ ዞሩ። "የሰቀልከው አንተ ነህ። ካልክ እናወርዳለን፤ ካላልክም ይቆያል።"

"ላስብበት" አለ። ጆሮው ውስጥ የቀረችው ግን አንዲት ቃል ነበረች፤ በጤልሞን በገና።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሰዉ ለዳስ ሸምበቆ ሊያጭድ ሲሰማራ ነታንያ ማጭዱን ይዞ ወደ አኻያው ሄደ። ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ነው ብሎ ያየው ሁሉ ያስባል። እሱም መጀመሪያ ለራሱ እንደዚያ አለ። ጥቂት ቀንበጥ ቆረጠ። ቀጥሎ ውኃው ላይ ወደ ተንጋደደው ቅርንጫፍ ተንጠራራና የጤልሞንን ገመድ በማጭዱ ገዘገዘው። በገናው ቦዩ ውስጥ ወደቀ። አንዴ ሰጠም፤ ተመልሶ ተንሳፈፈ፤ ጅማቶቹ ወደ ሰማይ እንደ ተዘረጉ ውኃው ቀስ እያለ ወሰደው። ነታንያ ቀንበጦቹን ታቅፎ ከዓይኑ እስኪጠፋ ድረስ አየው።

ማታውን ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ፣ "አስቤበታለሁ" አለ። "ለበዓሉ ይውረዱ።"

ሰፈሩ በደስታ ተናወጠ። ሁሉም ወደ አኻያው ሮጠ። ጤልሞን ቅርንጫፉ ላይ የቀረውን የገመድ ቁራጭ ይዞ ትንሽ ቆመ። ጫፉን በጣቶቹ መካከል አሽከረከረው።

"ምነው፣ ምን ሆነ?" አሉት።

"ቦዩ ወስዶታል" አለ።

"አይዞህ፣ ልጄ" አለው ነታንያ። ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ አመድ ሆነ።

በበዓሉ የመጀመሪያ ቀን ዳሱ በተምር ዝንጣፊና በአኻያ ቅጠል ተሸፍኖ ሕዝቡ ሞላበት። ነታንያ እንደ ድሮው በመካከላቸው ተቀምጦ ጀመረ። ግን በጋው ሙሉ ፀሐይና ጤዛ የተፈራረቀበት ጅማት አልታዘዝ አለው። አንዱ ተበጠሰ። ጠበቅ ሊያደርግ ሲል ሌላው ተከተለ። የሌሎቹም በገናዎች ከዚያ አልተሻሉም። ልጆች መሳቅ ጀመሩ፤ ትልልቆቹ መሬት መሬት አዩ። ዳሱ ቀዘቀዘ።

ያኔ ጤልሞን ከዳሱ ግድግዳ አንድ እፍኝ የአኻያ ቀንበጥ መዝዞ ተንበረከከና መሬቱን መታ። ጧ! አሁንም ጧ! ቅጠሎቹ ብትን አሉ። በዚያ ምት ላይ ድምፁን ለቀቀ። ዜማው ያ ዓዙባን ያስለቀሳት ዜማ ነበር፤ አሁን ግን ፈጥኖ፣ ተንደርድሮ፣ ሰውን ከተቀመጠበት የሚያነሣ ሆኖ መጣ። ከጎኑ የተቀመጠው ሰውም ቀንበጥ መዘዘ። ሌላውም መዘዘ። ወዲያው ዳሱ በሙሉ መሬት ይመታ ጀመር፤ አሮጊቷ ዓዙባ ቀሚሷን ሰብስባ መሃል ገባች።

ነታንያ የተበጠሰ በገናውን እንደ ታቀፈ ቀረ። በገናውን ነጥቆት እንኳ አልቻለውም። እንግዲህ ምን ይንጠቀው? ጉሮሮውን?

ሐሙጣል መጥታ ቀንበጥ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። "ምታ እንጂ፣ ምን ትጎለታለህ!"

መታ። በንዴት መታ። ጥርሱን ነክሶ፣ ላቡ በጺሙ እየወረደ፣ ቀንበጡ ቅጠል አልባ እንጨት እስኪሆን ድረስ መሬቱን ደበደበው። ከጎኑ ያሉት እርስ በርሳቸው ተነካኩ። "የኔታን እዩልኝ፣ ለመቅደሱ ያላቸው ቅናት!" አሉ። ነታንያ ይህን ሲሰማ መምታቱን ተወ። ቀንበጡን ጣለና ወጣ።

በዓሉ አልፎ ዳሱ ፈረሰ። ነታንያ ግን ከሥራ ሲወጣ ወደ ቤቱ መሄድ ተወ። ልብሱን ወገቡ ላይ አስሮ ቦዩን ተከትሎ ይወርዳል፤ ሸምበቆውን እየገለጠ ይፈልጋል። ሐሙጣል "ምን ጠፋብህ?" ስትለው "ዓሣ" ይላታል። "ዓሣውስ የታለ?" ስትለው የረጠበ ልብሱን ይጨምቃል። አንድ አመሻሽ ላይ በገናውን ደለል ውስጥ ተተክሎ አገኘው። ቆዳው ተገሽልጧል፣ አንዱ ክንዱ ተሰንጥቋል። አጠበው፣ በልብሱ ጠቀለለው፣ እሱ ራሱ ከነጭቃው ወደ ጤልሞን ጎጆ ሄደ።

ጤልሞን በሩ ላይ ተቀምጦ ሽንኩርትና ቂጣ ይበላ ነበር። ሲያየው ብድግ አለ።

"ተቀመጥ፣ ተቀመጥ" አለው ነታንያና ጥቅሉን ፊቱ አኖረ። የሚለውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቶ ነበር፤ አሁን ግን አንዱም አልመጣለትም። "ቦዩ አይደለም የወሰደው" አለ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ፣ የኔታ።"

"ምን ታውቃለህ?"

"ገመዱ የበሰበሰ አልነበረም። ስለት ነው የቆረጠው። የዚያን ዕለት ደግሞ ማጭድ ይዘው ወደዚያ ሲወርዱ አይቻለሁ።"

ነታንያ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። "ታዲያ ለምን ዝም አልክ? በሕዝብ መካከል አታዋርደኝም ነበር?"

ጤልሞን ቂጣውን አስቀመጠ። "እኔም ተናድጄ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ ገመዱን ያየሁ ዕለት ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ይህ ሕዝብ ምን አለው? አገር የለው፣ መቅደስ የለው። ያለው ያቺ እርስዎ በሹሙ ፊት የቆሙባት ምሽት ናት። በሷ ነው ጡቡን የሚሸከመው። እርስዎን ባጋልጥ እሷንም እወስድበታለሁ።"

"ያንን ምሽት..." አለ ነታንያ። "ያንን ምሽት እኔ የተነሣሁት ለመቅደሱ አልነበረም።"

ጤልሞን ቀና ብሎ አየው። የተገረመ አይመስልም። "እኛ ግን ለመቅደሱ ነው የሰቀልነው" አለ።

ነታንያ አለቀሰ ማለት አይቻልም፤ ዓይኑን ግን በጭቃማ እጁ ሲጠርግ ፊቱ ቦይ የቆፈረ ሰው ፊት መሰለ። ይቅር በለኝ አለ። ጤልሞንም ይቅር ብያለሁ አለው፤ እንዲህ ሲል ግን ፈገግ አላለም፣ ነታንያም ፈገግታ አልጠበቀም።

በገናውን ለማደስ ወራት ፈጀባቸው። ለክንዱ የሚሆን እንጨት ነታንያ ራሱ ጠረበ። ሲያበቁም ለማንም ያላስተማረውን ዜማ ሊያስተምረው ተቀመጠ፤ በመቅደሱ ካህናቱ አኻያ ይዘው መሠዊያውን ሲዞሩ የአባቶቹ ቤት ብቻ የሚያዜመውን።

"ረጅም ነው" አለው። "ቶሎ አይገባህም። እኔ አባቴ እየመታኝ ነው የያዝኩት።" የመጀመሪያውን ስንኝ አዜመለት።

ጤልሞን ጅማቱን ቃኝቶ መለሰለት። አንድም አላጎደለ። እንዲያውም መጨረሻው ላይ ድምፁን እንዴት እንደ ጣለው! ነታንያ በሕይወቱ ሙሉ ያቺን ቦታ እንዲያ ጥሏት አያውቅም።

ያ የድሮው ነገር ደረቱ ውስጥ ቆነጠጠው።

"ደህና ነው" አለ። "አሁን ሁለተኛውን ስማ።"