አምስተኛው ሰው

የአምስቱም ሰዎች የደረት ኪስ በቀኝ በኩል ነበር።

አባ ካሜራ አጉሊ መነጽሩን ከፎቶው ላይ አነሱ፣ በካፖርታቸው ጫፍ ወለወሉት፣ መልሰው አስቀመጡት። ኪሶቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። የራሳቸውን ኪስ ዳበሱ። ብዕር የሚሰኩበት ኪስ እንደ ማንኛውም ሰው ኪስ በግራ ነው። «ወይ ጉዴ» አሉ፣ በቁምስናው ቢሮ ውስጥ ብቻቸውን።

ስሙን ያወጣላቸው ሕዝቡ ነው። የካቶሊክ ካህን ናቸው፤ ቅዳሴ ባበቃ በሩብ ሰዓት ውስጥ ግን ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ከተማዋን ሲያካልሉ ይገኛሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከተማዋን ታሪክ ሲለቅሙ ኖረው፣ ይኸው ዛሬ መጽሐፉ ማተሚያ ቤት ገብቷል። በዚህ ሥራቸው አንድ ሕግ አላቸው፤ ሁለት ምስክር ያልቆመለትን ነገር አይጽፉም። «እሳቸው ዘንድ ዝናብ ዘነበ ለማለት እንኳ ሁለት የበሰበሰ ሰው ይዞ መሄድ ነው» እያለ ሰዉ ይቀልድባቸዋል።

ፎቶው የዱቄት ፋብሪካው ሥራ የጀመረ ዕለት የተነሳ ነው። አምስት ሠራተኞች በሩ ላይ ተደርድረዋል። አባ የመስታወት ኔጋቲቩን ከፋብሪካው መጋዘን ያገኙት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሲሆን፣ «ከግራ ወደ ቀኝ» የሚል የስም ዝርዝርም አብሮት ነበር። ፎቶው አንድ ምስክር፣ ዝርዝሩ ሁለት። ግን ለመስታወት ኔጋቲቭ ገና ጀማሪ ነበሩና ከደስታቸው ብዛት መስታወቱን ገልብጠው አተሙት። ግራው ቀኝ ሆነ። በዝርዝሩ አምስተኛው ሰው መካኒኩ ነው፤ እሳቸውም በቀኝ ዳር ቀጥ ብሎ የቆመውን ባለ ጺም «መካኒኩ» አሉት።

ስህተቱ በወረቀት ላይ ቢቀር ምን ነበረበት! የቤተ ክርስቲያኑን አልባሳት የምትሰፋው ሴት የመካኒኩ ልጅ ናት። አባቷ የሞተው እሷ ጡት ሳትተው ነው፤ መልኩን አታውቅም። አባ ባለ ጺሙን ብቻ ነጥለው፣ አሳድገው አትመው ወሰዱላትና «አፍንጫውን እይው፤ ቁርጥ የልጅሽን!» አሏት። አልቅሳ ጉልበታቸውን ሳመች። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ከስፌት መኪናዋ በላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ጠዋት ጠዋት «እንደምን አደርክ አባዬ» ሳትለው ክር አታስገባም።

ማተሚያ ቤቱ ደወለ። የፎቶው ገጽ እስከ ስድስት ሰዓት ካልታረመ እንዳለ ይታተማል አሏቸው። አባ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ መስኮቱን ከፈቱ፣ ዘጉት። ዝም ቢሉስ ማን ያውቃል? አንዲት ሴት ከአባቷ ጋር በሰላም ትኖራለች። ደግሞስ በፎቶው ሌላ ዳር ያለው እውነተኛው አባቷ በየትኛው መልኩ ነው የሚቀርባት? በኑዛዜ ስንቱን ሰው «ሂድና በአፍህ ንገረው» ብለው እንደላኩ ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ጋለ። ጨለማ ክፍላቸው ገቡ፣ መስታወቱን በትክክለኛው ፊቱ አትመው፣ ወረቀቱ ሳይደርቅ ይዘው ወጡ።

ልብስ ሰፊዋ የካህን ልብስ አንገትጌ እየተኮሰች ነበር። ወንበር ሳበችላቸው፤ አልተቀመጡም። አንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግድግዳው ሰውዬ እያዩ፣ እየተንተባተቡ ሁሉንም ነገሯት። ካውያውን ነቀለች። ወንበሩ ላይ ወጥታ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ በቅርብ አየችው።

«ኪሱን አይቼዋለሁ እኮ» አለች። «ያመጡልኝ ቀን ነው ያየሁት። ዕድሜዬን ኪስ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ይሄ ይጠፋኛል? ግን ያመጡት አባ ናቸው፣ እሳቸው አይሳሳቱም አልኩ።»

ብትሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ከዚያማ ተቆጣች። ልጇን የዳረችው በዚህ ሰው ፊት ነው፤ ታምማ የተነሳችው ይህን ሰው እያየች ነው። ማን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የሚዛን ሠራተኛው ነው፣ ዘመድ አልተገኘለትም አሏት። አውርዳ ልትሰጣቸው እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው። «አሁን ይሄ ምስኪን የት ይሄዳል?» አለች፣ ንዴቷ ሳይበርድ።

ወርዳ እርጥቡን ፎቶ ከእጃቸው ተቀበለች። አሁን በቀኝ ዳር የቆመው ሰው ትከሻና ኪስ አለው፤ ከአንገቱ በላይ ግን እንደ ጭስ የተበተነ ነገር ነው። በመጽሐፉ «መልኩ የደበዘዘ» ብለው ነበር የጻፉለት።

«ምነው፣ ፊት የለውም?»

«ያን ጊዜ ፎቶ የሚነሳ ሰው አምስት እስኪቆጠር ንቅንቅ አይልም ነበር። አባትሽ ግን ተንቀሳቀሰ።»

ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አባ የምታለቅስ መስሏቸው ደነገጡ። ለካ እየሳቀችም ነበር።

«ይቅርታ አባ፣ እናቴ 'አባትሽ ቂጡ መሬት አይነካም' ትለኝ ነበር። 'ሲስቅ ደግሞ ራሱን እየወዘወዘ ነው' ትል ነበር።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። «እሱ ነው። እሱ ራሱ ነው።»

ስልካቸው ጮኸ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል። አባ ፎቶው ተገልብጦ መታተሙን ለማተሚያ ቤቱ ሰው አስረድተው፣ አዲሱን እንደሚያደርሱለት ነግረው፣ ስሞቹን እያስተካከሉ አምስተኛው ላይ ደረሱ። ልብስ ሰፊዋ እጅጌያቸውን ያዘች።

«'የደበዘዘ' የምትለውን ያውጡልኝ። 'ሲስቅ' ብለው ይጻፉ።»

አባ ስልኩን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «እኔ እኮ ያለ ሁለት ምስክር…»

«አንዷ እናቴ፣ አንዷ እኔ።»

«አንቺማ አላየሽውም።»

«ይኸው እያየሁት አይደል?»

አባ ወደ ፎቶው ጎንበስ አሉ። የተበተነውን ፊት ፈለጉ፣ አፍ የሚሆን ነገር ፈለጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። ያለ መነጽር አምስቱም ሰዎች እኩል ደበዘዙ።

«አባ፣ እየሰሙኝ ነው?» አለ የማተሚያ ቤቱ ሰው። «አምስተኛውን ምን ልበለው?»