የካሜራው ዓይነ ጥላ

ውሃ የገባበትን ካሜራ ጤፍ ውስጥ ቅበሩት ብሎ ምክር የጀመረው ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ፣ ቡሬ መናኸሪያ መሀል አቁሜ የልቤን እነግረው ነበር። ውሃ ለነካው ስልክ ሲደረግ ያዩት ሩዝ ነው። ሩዝ ከቤት ከጠፋ ጤፍስ ምን አለበት ይላሉ። ጤፍ ግን የማይገባበት ቀዳዳ የለም፤ በየቁልፉ ሥር፣ በባትሪው ጉድጓድ፣ ሚሞሪ በሚገባበት ስንጥቅ ይሰገሰግና እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ስለዚህ ሕሊና ካሜራዋን ከፌስታል አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ስታኖረው ነጭ ጤፍ ዝርግፍ ሲል አየሁና ሰላምታዋን ሳልመልስ ቁጣ ጀመርሁ።

አመሌን በዚህ አገር ፎቶ አንሺ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሌንስ በነጠላ ጫፍ የሚጠርግ፣ ፎቶውን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ በአፉ እፍ የሚል፣ ካሜራ ከዘይትና ከበርበሬ ጋር አንድ ኬሻ ውስጥ ጭኖ የሚመጣ ሰው ከእኔ ከካሜራ ጠጋኙ ከሰዓድ ቤት ስድብ ሳይቀምስ አይወጣም። ሕሊናም ለቁጣዬ አዲስ አይደለችም። ባሏ ታከለ በሕይወት ሳለ ፍኖተ ሰላም ካለው ስቱዲዮአቸው አንድ ነገር በተበላሸ ቁጥር አብረው ይመጡ ነበር፤ እሱ ከእኔ ጋር ሲከራከር እሷ ጥግ ይዛ ትስቃለች። ዛሬ አልሳቀችም። ከኋላዋ የታከለ እናት እማማ እናኑ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል።

"እሷን አትቆጣት፣ ጤፉን የጨመርሁት እኔ ነኝ" አሉኝ። "ውሃውንም ያፈሰስሁበት እኔ ነኝ።"

ወንበር ሰጠኋቸው።

ታከለ የሞተው ጅጋ ሠርግ አንስቶ ሲመለስ ነው። የተሳፈረበት ሞተር መታጠፊያ ላይ ተገለበጠ። ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር፤ ሲወድቅ ሌንሱ ተነቅሎ አቧራው ውስጥ ተንከባለለ፤ አንድ መንገደኛ አንስቶ እንደነገሩ ገጠመውና ከአስከሬኑ ጋር ለቤተሰቡ ደረሰ። አርባው እንደወጣ ሕሊና ያንኑ ካሜራ አንስታ ሥራ ጀመረች። የሁለቱ ሴቶች ጉሮሮ ያ ስቱዲዮ ነው፤ ሌላ ካሜራም የላቸውም።

ከመጀመሪያው ሠርግ ጀምሮ ፎቶዎቹ ላይ ያልተጠራ እንግዳ ታየ። ከሙሽራዋ ትከሻ አጠገብ ቀጭን ግራጫ ጥላ ቆሟል። መልክ የለውም፤ ቁመት ግን አለው፣ ራስ የሚመስል ነገር አለው፣ አንዱ ትከሻው ዘቅ ያለ ነው። ቤት ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን ሲነሳ አይታይም፤ ደጅ በጠራ ፀሐይ ሲነሳ አለ። ሕሊና አቧራ ነው አለች። እማማ እናኑ ስክሪኑን አይተው፣ ያ ትከሻው ነው፣ ቦርሳ ሲሸከም የሚዘቅጠው አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካሜራውን ማንም እንዳይጠርገው ከለከሉ። አቁሞ ማንሳትንም ከለከሉ፤ ካሜራው በአግድም ሲያዝ የሚቆመው ጥላ፣ ካሜራው ወደ ላይ ሲቆም ይጋደማልና። እንዲህ ዓይነቱን ፎቶ ባዩ ቁጥር ለምን ታስተኝዋለሽ እያሉ ያለቅሱ ነበር።

ወሬው ከስቱዲዮው ሲወጣ ጊዜ አልፈጀበትም። የሕሊና ካሜራ ዓይነ ጥላ አለበት ተባለ። አንዲት ሙሽራ ከሠርጓ ማግስት ታመመች፤ የሌላዋ ጋብቻ ሳይከርም ፈረሰ፤ የሁለቱም ሰበብ ጥላው ነው ተባለ። ሰው ሥራውን እየሰረዘ ወደ ሌላ ፎቶ ቤት ሄደ። ጥር እየመጣ ነው። ይህ የሠርግ ወቅት እንዲሁ ካለፈ ስቱዲዮው ይዘጋል፤ ሕሊና ይህን የነገረችኝ ያለ እንባ፣ የሌላ ሰው ቤት ጉዳይ እንደምታወራ ሆና ነው። ደረቅ ሴት ሆናለች ብዬ በልቤ ፈረድሁባት።

ካሜራውን ጠበል ወሰዱት ሲባል ሰምቼ ነበርና "ጠበሉስ?" አልኋት።

ሰፈሩ የመሰለው እማማ እናኑ ዓይነ ጥላውን ሊያስለቅቁ ካሜራውን ጠበል የወሰዱት ነው። እሳቸው ግን የሄዱት ለሌላ ነው። ጠበል የነካው መንፈስ ይጮኻል፣ ይለፈልፋል፣ ማን እንደሆነ ይናገራል። ልጃቸው እንዲናገር ፈልገው ነው። የጠበሉ አባት አባ ገብረ ኢየሱስ ዕቃ አላጠምቅም ብለው መለሷቸውና፣ እንደ ቅኔ ሰው ነገሩን ሸፈን አድርገው፣ የዓይን ጥላ ከሆነ ዓይን ይታበስ አሏቸው። እኔ ይህን ስሰማ ሰሙም ወርቁም ገባኝ፤ የካሜራውን መስታወት ጥረጉ፣ የእናኑንም እንባ አብሱ ማለታቸው ነው። እማማ እናኑ ግን ሁለቱንም አልተቀበሉም። ሰው ዘወር ሲል በጣሳ ቀድተው ራሳቸው አፈሰሱበት። ካሜራው አንዴ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

"ቢያንስ ስሙን ይላል ብየ ነው" አሉኝ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

እነሱን ወደ ፍኖተ ሰላም ሸኝቼ ካሜራውን ፈታሁት። የጤፉን ፍሬ በወረንጦ እየለቀምሁ ስንት ጊዜ እንደተሳደብሁ አላህ ያውቃል። የባትሪው መነካኪያ አረንጓዴ ዝገት ጀምሮታል፤ በአልኮል ፈትጌ አነሳሁት። ውሃው የገባው በቁልፎቹ በኩል ስለነበር ወደ ሴንሰሩ ክፍል አልዘለቀም። በጥላ አድርቄ፣ ገጥሜ፣ ባትሪውን ስከትት ስክሪኑ በራ። ደስታዬን ለሚስቴ ለኡምሀኒ ልነግራት ስል አንድ ነገር ያዘኝ። መጀመሪያ ጥላውን ልየው አልሁ።

ጥላን መፈለግ ሥራዬ ነው፤ ሥርዓት አለው። ከጓሮዬ ነጭ ግድግዳ ፊት ቆሜ የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ እስከሚችለው አጥብቤ አነሳሁ። መጣ። የራሴን ሌንስ ቀይሬ አነሳሁ። አሁንም መጣ፤ ስለዚህ ሌንሱ ላይ አይደለም። የሌንሱን ቀዳዳ ከፍቼ አነሳሁ፤ እንደ ጭስ ሟሟ። መልሼ አጠበብሁ፤ ከዚያው ቦታ ተመልሶ ቆመ። ሴንሰር ላይ ያለ ቆሻሻ ጠባዩ ይኸው ነው፤ ብርሃኑ በጠበበ ቁጥር ይጠራል፤ አንሺው ዓይኑን አስጠግቶ በሚያይበት መስኮት፣ በዓይን ማያው፣ ሲያዩት ግን የለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ ለሌላ ሰው በተማሪ ቋንቋ ላስረዳ እችላለሁ። ሆኖም ዓይኔን አስጠግቼ ባዶ ግድግዳ አይቼ፣ ካነሳሁ በኋላ ስክሪኑ ላይ ትከሻውን ዘቅ አድርጎ የቆመውን ሳይ ፈራሁ። ፈራሁ ነው የምለው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ታከለ ጠረጴዛዬ ፊት ሲከራከረኝ የሚቆመው እንደዚያ ነበር።

ሁለቱን አስጠራኋቸው። ከዙህር ሶላት ስመለስ በሬ ላይ ደርሰው ነበር። ካሜራው መዳኑን፣ ጥላው ሴንሰሩ ላይ የተጣበቀ አቧራ መሆኑን፣ አንድ ጊዜ ከተጠረገ እንደማይመለስ ሳልሸፋፍን ነገርኋቸው። ሕሊና ይጠረግ አለች። እማማ እናኑ መሬት መሬት አዩ። ሕሊና አቧራ ነው እያለች ደጋግማ፣ ጥር ደርሷል፣ የምንበላው የለም፣ እሱም ቢሆን ይህን አይወድም ብላ ተከራከረቻቸው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። አሮጊቷ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይጠረግ ካላችሁ ይጠረግ" አሉ። "ከዚያ በፊት ግን ከልጀ ጋር አንድ ፎቶ አንሳኝ።"

ጓሮ ወስጄ ነጩ ግድግዳ ፊት አግዳሚ ላይ አስቀመጥኋቸው። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ጥላው ፎቶው ላይ የት እንደሚቆም ስለማውቅ ካሜራውን ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ብዬ በስተግራቸው እንዲሆን አደረግሁ። የት በኩል እንደሚመጣ ጠየቁኝ፤ በእጄ አመለከትኋቸው። ተነስተው ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ጠጋ ብለው በግራቸው ቦታ ለቀቁ። አንድ ሰው የሚበቃውን ያህል ቦታ። ለዚያ ባዶ ቦታ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ነገሩት፤ ምን እንዳሉት አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈለግሁም።

በዓይን ማያው ሳይ ብቻቸውን ናቸው። አነሳሁ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ናቸው።

እማማ እናኑ ካሜራውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፎቶውን አዩት። አላለቀሱም። ከስቶብኛል ብቻ አሉ። ከዚያ ካሜራውን መለሱልኝና፣ ሲጠረግ ማየት አልችልም ብለው ከሱቁ ውጭ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ፎቶውን ሕሊና ሌላ ቦታ ገልብጣ አስቀመጠችላቸው።

ወደ ጠረጴዛዬ ስመለስ ሕሊና አጠገቤ ቆመች። ከፊቱ የሚሸፍነውን መስታወት አንስቼ ሴንሰሩን በማጉያ መነጽር አየሁት። የደረቀ አፈር ጭረት ነው፤ ጢስ ከሚያህል ደቃቅ የተሠራ። ሌንስ ሥዕልን ገልብጦ ስለሚያሳርፍ፣ ፎቶው ላይ ቆሞ የሚታየው እዚያ ላይ በራሱ ተዘቅዝቆ ነበር። እኔ ለሙከራ ሳልነቅለው በፊት ሌንሱ የተነቀለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሞተሩ የተገለበጠ ቀን ነው፤ ስለዚህ ይህ አፈር ታከለ የወደቀበት የመንገዱ አፈር ነው። ይህን ለሕሊና ልንገራት አልንገራት ብዬ አመነታሁ። አልነገርኋትም። ቢስሚላህ ብዬ የመጥረጊያውን ጫፍ በፈሳሹ ነክሬ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ሳብሁት።

ካሜራውን ገጥሜ ሰጠኋትና ሂጂ ሞክሪው አልኋት። ጓሮ ወጥታ ግድግዳውን አነሳች። ስክሪኑን አየሁላት፤ ንጹሕ ነው፣ ጥላ የለም፣ ነጥብ የለም። እንኳን ደስ ያለሽ፣ ለጥር ደርሶልሻል አልኋት። ሌንሱን ይበልጥ አጠበበችና እንደገና አነሳች። ፎቶውን አጉልታ ከግራ ጥግ እስከ ቀኝ ጥግ በጣቷ ዳሰሰችው። ቦታ ቀይራ አነሳች። ካሜራውን አቁማ አነሳች፤ አማቷ የከለከሏትን። ያንንም አጉልታ ፈለገችው። ነጭ ግድግዳ ብቻ ነው። ፀሐይ ውስጥ ቆማ ያንኑ ግድግዳ እንደገና አነሳች፤ ያን ጊዜ ነው ደረቅ ብዬ ስለፈረድሁባት ያፈርሁት።

"ጋሽ ሰዓድ" አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር። "ይመልሱልኝ።"

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ንጹሕ ሴንሰር ላይ ትንፋሽ እንኳ እንዳያርፍ ስቆጣ የኖርሁ ሰው ነኝ። ሮጬ ገባሁና መጥረጊያውን ከቆሻሻው ቅርጫት አነሳሁት፤ መስኮቱ ጋ ወስጄ በማጉያ መነጽሩ አየሁት። ሕሊና ተከትላኝ መጥታ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ትጠብቃለች። እርጥቡ ጨርቅ ላይ ብዙ ደቃቅ አፈር ነበር፤ ከሱቄ የገባ አለ፣ ከየሠርግ ቤቱ የገባ አለ፣ ሁሉም ግራጫ ነው። ደጋግሜ አየሁ። ከመካከላቸው ታከለ የትኛው እንደሆነ ማወቅ አልቻልሁም።